ረግረጉን ደፍነን እንገንባ ላሉት፦ ሂሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው። ትልልቅ ከተሞች የቤት ያለህ እያሉ ነው፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይኖራል፤ በዚህ መሀል ሰፋፊ ረግረግና ጫካ "ለወፍና ለእንቁራሪት" ተትቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ረግረጉ ይደፈን፣ ጫካው ተቆርጦ ከከተማ ውጭ በአሥር እጥፍ ይተከል፣ ጎርፉ በኮንክሪት ቦይ ይሸኝ፣ ለመዝናኛ የሚሆን ሣር ይቅር። ይሄን የሚቃወም ሰው ደግሞ፣ ጸሐፊው እንደሚሉት፣ ሆዱ የሞላ፣ የቤት ኪራይ ጭንቀት የማያውቅ ሰው ነው።

እኔ እቃወማለሁ። የቤት ኪራይ ጭንቀትም በደንብ አውቃለሁ፣ እሱን እንለፈው።

ጽሑፉ አሳምሮ የተጻፈ ነው። እውነት ያለበት ነጥብም አለው፤ ቦታው ላይ ስደርስ አልደብቅም። ችግሩ ሂሳቡ መሀል ላይ መቆሙ ነው። መሬቱ ሲሸጥ የሚገኘው ገንዘብ ተቆጥሯል፣ የሚሠሩት ቤቶች ተቆጥረዋል። ረግረጉ እስከ ዛሬ በነፃ ሲሠራው የነበረውን ሥራ ነገ ማን እንደሚሠራውና ማን እንደሚከፍልበት ግን አንድ መስመር የለም። ያ ወጪ አይጠፋም። ከፋዩ ይቀየራል እንጂ። ብዙ ጊዜም የሚያርፈው ከትርፉ ሳንቲም ያላየ፣ ከታች በኩል የሚኖር ሰው ላይ ነው። በየነጥቡ የማነሣው ይሄንኑ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

"ረግረግ ሥራ የፈታ መሬት ነው" ከሚለው ልጀምር።

ቀላል ማባዛት እንሥራ። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። በላዩ የግማሽ ሜትር ውሃ ቢያርፍበት 5 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ይሄን ለማንሳት 10 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ 500 ጊዜ መመላለስ አለበት። ከአንድ ሄክታር ብቻ! መቶ ሄክታር ረግረግ የደፈነ ከተማ ይሄን ሁሉ ውሃ የት እንደሚያሳድረው አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት፤ ዝናቡ መሬቱ መሸጡን ሰምቶ አይቀርማ። እርግጥ ክረምቱ ገፍቶ ጢም ብሎ የሞላ ረግረግ ተጨማሪ ውሃ ብዙ አይቀበልም። ያኔም ቢሆን ሸንበቆውና ደንገሉ የውሃውን ሩጫ ይሰብሩታል፣ ጎርፉ በአንዴ ከመምጣት ቀስ እያለ ይመጣል። ለታችኛው ሰፈር ይሄ እቃን ወደ ላይ ለማውጣት ጊዜ በማግኘትና ባለማግኘት መሀል ያለ ልዩነት ነው።

ውሃ መያዙ ደግሞ አንዱ ሥራው ብቻ ነው። የሕንዷን ኮልካታን ተመልከቱ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ 12,500 ሄክታር የሚሆን የረግረግ፣ የዓሣ ኩሬና የእርሻ ምድር አለ፣ በ2002 አገሮች ረግረግ ለመጠበቅ በተፈራረሙት በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጎች ተርታ ገብቷል። የከተማዋ ፍሳሽ በቦይ ወደዚያ ይወርዳል። ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ውስጥ ይተኛል፣ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ባክቴሪያና አልጌ ይሠሩበታል፤ አልጌውን ዓሣ ይበላዋል፣ ዓሣውን ከተማው ይበላዋል፣ የተረፈው ውሃ ሩዝና አትክልት ያጠጣል። ይሄን ዘዴ በልምድ ያዳበሩት ዓሣ አርቢዎችና ገበሬዎች ናቸው። ድሩባጆቲ ጎሽ የሚባሉ መሐንዲስ ፍሳሹ የት እንደሚገባ ሲያጣሩ ደረሱበት፣ ለዓለም አስተዋወቁት፣ በ2018 እስኪሞቱ ድረስም ሲሟገቱለት ኖሩ። ይሄ መሬት ነው እንግዲህ ሥራ ፈት የሚባለው። ሥራ ፈት ከሆነ ያን ሁሉ ፍሳሽ ለማጣራት ማሽን ግዙና ዋጋውን ንገሩን።

ካምፓላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ናኪቩቦ የሚባለው ረግረግ የከተማዋን ፍሳሽ ተቀብሎ፣ አጣርቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያስገባል። ከተማዋ ከመጠጥ ውሃዋ ብዙውን የምትስበው ደግሞ ከዚያው የሐይቅ ጥግ፣ ጋባ ከሚባለው ቦታ ነው። በመጸዳጃ ቤቱና በቧንቧው መሀል የቆመው ያ ደንገል ነው ማለት ነው። ረግረጉ በእርሻ፣ በፋብሪካና በቤት እየተበላ በሄደ ቁጥር ወደ ማጣሪያው የሚመጣው ውሃ ይቆሽሻል፣ የሚገባበት ኬሚካል ይጨምራል። ይሄ ወጪ ማንም ዘንድ "የረግረግ መድፈኛ" ተብሎ አይመዘገብም። በውሃ ቢል ነው የሚመጣው፣ ለሁሉም ቤት።

አሁን ወደ ቦዩ። ጎርፉን ኮንክሪት ይወስደዋል ይላሉ ጸሐፊው። ወዴት? ይሄን አልነገሩንም።

ሙምባይ ላይ ጁላይ 26 ቀን 2005 በ24 ሰዓት ውስጥ 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ። ይሄን ያህል ዝናብ የትኛውንም ከተማ ያንበረክካል፣ አልክድም። ግን ውሃው የሚወጣበት የሚቲ ወንዝ ምን ተደርጎ ነበር? ዳርና ዳሩ ላይ የነበረው ማንግሮቭ (የባሕር ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ተደፍኖ ትልቅ የንግድ ማዕከል ቆሞበታል፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ወንዙን አጥፎታል፣ ቀሪውን ጎጆና ጋራዥ አጥብበውታል። ያን ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፤ መውጫው ግን በሰው እጅ ነው የተዘጋው።

ሌላዋ የሕንድ ከተማ ቼናይ ደግሞ ትምህርቱን በሁለት ዙር ወሰደች። በከተማዋ ደቡብ ፓሊካራናይ የሚባል ትልቅ ረግረግ ነበር። በሶፍትዌር ኩባንያ ሕንፃ፣ በመንገድ፣ በቆሻሻ መጣያ እየተቆረሰ ከቀድሞ ስፋቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ቀረ። በ2015 ከተማዋ በጎርፍ ተዋጠች። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2019 በጋ፣ ያቺው ከተማ ዋና ዋና የውሃ ማጠራቀሚያዎቿ ደርቀው በቦቴና በባቡር ውሃ ስታስመጣ ነበር። ሰው "እንዴት አንድ ከተማ ይሰጥማልም ይጠማልም?" ይላል። ምክንያቱ አንድ ነው። ኮንክሪት ውሃን ያባርራል፤ ሲባረር የሄደ ውሃ መሬት ውስጥ አልሰረገም፣ በበጋ ጉድጓድ ሲቆፈር አይገኝም። ክረምት ላይ ጠላት ብለው የሸኙትን በበጋ በገንዘብ መግዛት ነው።

ከዚህ የባሰ ከፈለጋችሁ ሜክሲኮ ሲቲ አለላችሁ። ከተማዋ የተሠራችው ሐይቅ ላይ ነው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ስፔናውያን ሐይቁን ለማፍሰስ ቦይና ዋሻ መቆፈር ጀመሩ። በ1629 የመጣው ጎርፍ ከተማዋን ለአምስት ዓመት ያህል ውሃ ውስጥ አስቀመጣት። አላቆሙም፣ ቆፈሩ። ከ400 ዓመት በኋላም እየቆፈሩ ነው፦ በ2019 የተመረቀው የፍሳሽ ዋሻ 62 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሐይቁ ስለሌለ የከርሰ ምድር ውሃ ይሳባል፣ ውሃው ሲሳብ ሸክላው አፈር ይጨመቃል፣ ከተማዋ ትሰምጣለች፤ አንዳንድ ሰፈር በዓመት ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ። ስትሰምጥ ቦዩ ተዳፋቱን ያጣል፣ ስለዚህ ፍሳሹን ወደ ላይ በፓምፕ መግፋት ይመጣል። ጸሐፊው "አንዴ አውጥተን የምንገላገለው ወጪ" ያሉት ነገር መጨረሻው የትኛው ክፍለ ዘመን ላይ እንደሆነ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ቦይ ጨርሶ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከተማ ያለ ቱቦና ቦይ አይሆንም። ግን ቦዩ የሚያመልጠውን ውሃ ይሸኝ እንጂ የረግረጉን ሥራ ጠቅልሎ ይውሰድ ማለት ሌላ ነገር ነው። ሲንጋፖር ቢሻን በሚባለው ፓርክ ጎን 2.7 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ ነበራት። አፈረሰችው። በምትኩ እየተጠማዘዘ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ዳርቻው ሣርና ተክል የሆነ ወንዝ አድርጋ በ2012 ከፈተችው። በደረቅ ወቅት ልጆች ዳሩ ላይ ይጫወታሉ፣ ዝናብ ሲበረታ ውሃው ወደ መስኩ ይሰፋል፤ የሚይዘው ውሃም ከድሮው ቦይ ይበልጣል። ሲንጋፖር እንግዲህ መሬት የተረፋት አገር አይደለችም።

ትንኟ ላይ እንምጣ፤ በአስተያየት መስጫው ብዙ ሰው የተስማማው እዚህ ላይ ነው። "ረግረግ የወባ ፋብሪካ ነው፣ መድረቅ አለበት።"

ይሄ ስጋት ከባዶ አልመጣም። ጣሊያን በ1930ዎቹ ከሮም በስተደቡብ ያሉትን ረግረጎች ስታደርቅ ወባ ቀንሷል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ግን ዛሬ በከተማ ውስጥ ሰውን የምታሳምመው ትንኝ የት ነው የምትፈለፈለው? የደንጊ ትሁን የቺኩንጉንያ አስተላላፊዋ ኤደስ ኤጂፕቲ የምትወደው በርሜል፣ ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ የአበባ ማስቀመጫ ነው። በአፍሪካ ወባን በዋናነት የምታሰራጨው ትንኝ ፀሐይ የሚያገኘው ጊዜያዊ ኩሬ፣ የጎማ ዱካና የግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። ከደቡብ እስያ መጥታ በ2012 ጅቡቲ ላይ የተገኘችው ሌላዋ የወባ ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ደግሞ ይባስ ብላ የከተማ ትንኝ ናት፤ የውሃ ታንከርና የግንባታ ቦታ ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል። የተዘጋና የቆሸሸ የኮንክሪት ቦይማ ለኩሌክስ ትንኝ ግብዣ ነው።

ጤነኛ ረግረግ ውስጥ ግን ዓሣ አለ፣ እንቁራሪት አለ፣ የትንኝ እጭ የሚበሉ ነፍሳት አሉ። ትንኝ አይኖርም አልልም፤ ይኖራል። ቆሻሻ የተደፋበት፣ ፍሳሽ የታፈነበት፣ ግማሹ የተደፈነ ረግረግ ደግሞ በእርግጥ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ዓሣው ሞቷል ትንኟ ቀርታለች። ጸሐፊው ያዩት ይሄንን ይመስለኛል። መድኃኒቱ ውሃው እንዲንቀሳቀስና እንዲጸዳ ማድረግ ነው። በላዩ ላይ አፈር መገልበጥ ትንኟን ወደ ግንባታው ጉድጓድ ከማዛወር አያልፍም።

አሁን በጣም ያናደደኝ ነጥብ ላይ ደረስን። አንድ ዛፍ ከተቆረጠ አሥር እንተክላለን የሚለው።

ይሄ ነገር መድረክ ላይ ሲነገር ያምራል። ሒሳቡ ግን ግንድ በመቁጠር የሚሠራ አይደለም፣ በቅጠል ነው። 50 ዓመት የሞላው ትልቅ ዛፍ ጥላውና ቅጠሉ የአንድ ዓመት ችግኝ በመቶ እጥፍም አይደርስበትም። ሥሩ አፈሩን ከፋፍቶ ውሃ ያሰርጋል፣ ግንዱ ላይ ወፍና ነፍሳት ይኖራሉ፣ ሥሩ ላይ አብረውት የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። አሥሩ ችግኝ ይሄን ለመተካት በመጀመሪያ መጽደቅ አለባቸው፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ትውልድ መጠበቅ አለብን። መጽደቁ ራሱ ቀላል አይደለም። ቱርክ በኖቬምበር 11 ቀን 2019 በአንድ ቀን 11 ሚሊዮን ችግኝ ተከልኩ አለች። ወራት ሳይቆይ የደን ሠራተኞች ማኅበር ካየናቸው ችግኞች እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ደርቀዋል አለ፣ መንግሥት ደግሞ አስተባበለ። ማን ልክ እንደሆነ እዚህ አልፈርድም። የሚገርመኝ ሁሉም አገር የሚተከለውን ይቆጥራል፣ የጸደቀውን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።

ደግሞም ቦታው! ከተማ ውስጥ የቆመ ዛፍ የሚያቀዘቅዘው ያንን መንገድ፣ ያንን ጣሪያ ነው። ከከተማ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ የተተከለ ችግኝ፣ እሺ ጸደቀ እንበል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ለተኛችው ሴትዮ ምኗ ነው? እዚህም ያው ነው፤ ጥላው ከእሷ ተወስዶ ሪፖርቱ ላይ ሌላ ቦታ ተጻፈ።

የሚተከለውም ነገር ጉዳይ ነው። ካሳ ተብሎ የሚተከለው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚያድግ አንድ ዓይነት ዛፍ ነው፣ ለፎቶ ስለሚደርስ። አሜሪካ ውስጥ ኤመራልድ አሽ ቦረር የምትባል ጥንዚዛ በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአሽ ዛፎችን ጨርሳለች። መንገዱ ሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ የተተከለባቸው ሰፈሮች በጥቂት ዓመት ውስጥ ራቁታቸውን ቀሩ። ሜልቦርን ከረጅም ድርቅ በኋላ በ2012 ያወጣችው ዕቅድ ከአንድ ዝርያ 5 በመቶ፣ ከአንድ ወገን 10 በመቶ፣ ከአንድ ቤተሰብ 20 በመቶ በላይ እንዳይኖር ይላል። የጥላ ሽፋኗንም በ2040 ወደ 40 በመቶ ለማድረስ አስባለች። ሽፋን ነው የሚለካው፣ ልብ በሉ። የችግኝ ጉድጓድ ቁጥር አይደለም።

ሣር ይበቃል ስለሚለው ብዙ አልልም። ሣር ደስ ይላል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። ግን አንድ ትልቅ ዛፍ በቀን 100 ሊትር ውሃ በቅጠሉ ቢያተን የሚወስደው ሙቀት 70 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አጭር የተቆረጠ ሣር በጥላም በዚህም አይወዳደረውም፤ በዚያ ላይ በበጋ ውሃ ካልጠጣ ይቃጠላል። ቀጥሎ።

ድሃው። ጸሐፊው ከሁሉም በላይ ጠንክረው የጻፉት እዚህ ላይ ነው፣ እኔም በግማሹ እስማማለሁ። ጫካና ረግረግ ማስጠበቅ በብዙ ከተማ ድሃን ማፈናቀያ ሆኖ ያውቃል። በወንዝ ዳር የላስቲክ ቤት የሠራ ሰው በአንድ ሌሊት ይነሳል፣ እዚያው ወንዝ ዳር የቆመው ቪላና ሆቴል ግን "በሕግ አግባብ የተያዘ" ተብሎ ይቀራል። ሙምባይም ከዚያ ጎርፍ በኋላ ከሚቲ ዳርቻ የፈረሰው ጎጆው ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያውና የንግድ ማዕከሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። ይሄን የመሰለ ጥበቃ ጥበቃ አይባልም፣ ማጽዳት ነው። ጸሐፊው በዚህ መናደዳቸው ልክ ነው፣ እኔም እናደዳለሁ።

ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ተገልብጧል። ረግረግ ሲደፈን ቤት የሚያገኘው ማን ነው? ድሃው ነው? የተደፈነ መሬት ላይ መሠረት ማቆም ብዙ ብረትና ብዙ ኮንክሪት ይፈልጋል፣ ስለዚህ እዚያ በሥርዓት የሚሠራው ቤት ርካሽ አይሆንም። ርካሽ ሆኖ ከተሠራ ደግሞ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ በክረምት ሞልቶ ወደ ግቢ ይወጣል። ደላላው ድርሻውን ይዞ ሄዷል፣ አልሚውም እንዲሁ። ውሃው ውስጥ የቀረው ገዢው ነው፣ ከእሱ በታች ደግሞ ቀድሞ ጎርፍ የማያውቀው አሮጌው ሰፈር። ድሃው የቱ ጋ ነው የተጠቀመው?

ረግረጉ ሳለ ግን ከሱ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ዓሣ የሚያወጣ፣ ሣር የሚያጭድ፣ ሸንበቆ ቆርጦ የሚሸጥ፣ ዳር ላይ ጎመን የሚተክል። የኮልካታው ረግረግ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰው እንጀራ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ያለው የካሩራ ጫካ፣ ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለባለሀብቶች በቁራሽ ሲታደል ኬንያዊቷ የተፈጥሮ ተሟጋች እነ ዋንጋሪ ማታይ ናቸው ችግኝ ይዘው ገብተው የተደበደቡበት፤ በጃንዋሪ 1999 ጥበቃዎች ደማቸውን አፍስሰዋል፣ ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። ያ መሬት ሲታደል ለጎጆ ነዋሪ አልታደለም፣ ሥልጣን አጠገብ ላለ ሰው ነው። በኋላ ጫካው ሲጠበቅ ደግሞ ከአጠገቡ ካለው የድሆች ሰፈር የመጡ ወጣቶች የጥበቃና የጉልበት ሥራ አገኙበት። ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም፣ የመግቢያ ክፍያው ብቻ ብዙ ያከራክራል።

ስለዚህ ክርክራችን "ሰው ወይስ ወፍ" አይደለም። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ትልቁ ደፋኝ ይጠየቅ። ከዚያ መነሳት የግድ የሆነበት ሰው ቤት በቅድሚያ፣ ያውም ሥራው ባለበት አካባቢ ይሰጠው፣ አፍርሶ "እናስብበታለን" የሚባል ነገር ይቅር። ረግረጉን እየተጠቀመ ሳያጠፋው የኖረ ሰው ደግሞ መብቱ በወረቀት ይጻፍለት። የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ማንም የጥበቃ ሠራተኛ እንደሱ አያውቀውም።

"ታዲያ ቤቱ የት ይሠራ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። በየትልቁ ከተማ መሀል ዋጋ እስኪጨምር ታጥሮ የተቀመጠ መሬት አለ። አንድ ፎቅ ብቻ የሆነ መጋዘን አለ፣ ሄክታር የሚበላ የመኪና ማቆሚያ አለ። እነዚህን መንካት ከባድ ነው፣ ባለቤት አላቸው፤ ረግረግ ባለቤት ስለሌለው ቀለለ እንጂ ስለተሻለ አይደለም። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ከተማ መላ ያገኛል። የጃፓኗ ናጎያ ፉጂማዔ የሚባለውን ረግረጋማ የባሕር ዳርቻ በቆሻሻ ልትሞላው ስትል ተቃውሞ በረታ፣ በ1999 ዕቅዱን ሰረዘች። ቆሻሻውን የምትጥልበት አጣች። ያኔ ነዋሪው ቆሻሻ ለይቶ እንዲያወጣ ተደረገ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጣለው ቆሻሻ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቀነሰ። ረግረጉ ባይከለከል ኖሮ ይሄን ማንም አይሞክረውም ነበር።

የመጨረሻው ነጥባቸው የጠፋ አይመለስም፣ ቢመለስም አይቻልም የሚል ነው።

ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ቱሪስት የሚጎርፍበት የቲጁካ ደን የቡና እርሻ ነበር። ኮረብታው ሲመነጠር ምንጮቹ እየደረቁ የከተማዋ ውሃ ተቸገረ፤ በ1861 የብራዚል ንጉሠ ነገሥት ደኑ እንዲመለስ አዘዘ፣ ማኑኤል አርቸር የሚባል ሻለቃ በባርነት ከተያዙ ሰዎች ጋር በ13 ዓመት ውስጥ ወደ 100 ሺህ ችግኝ ተከለ። (ስሙ የቀረው የሻለቃው ነው፣ ጉልበቱ የሌሎች።) ሜክሲኮ ሲቲ አጠገብም በቴሽኮኮ ሐይቅ መሬት ላይ የተጀመረው ግዙፍ የአውሮፕላን ማረፊያ በ2018 ተሰርዞ፣ በኋላ ወደ 14 ሺህ ሄክታር የሚሆነው ቦታ ለተፈጥሮ ጥበቃ ዋለ። ለንደን ውስጥ ባርንስ የሚባል ቦታ አራት የድሮ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ነበሩ፤ ከቦታው በከፊሉ ቤት ተሠርቶ ገንዘቡ ለረግረጉ ሥራ ዋለ፣ በ2000 ተከፈተ። ቤትም ረግረግም፣ በአንድ አጥር ሥር። የስሪላንካዋ ኮሎምቦ ደግሞ በ2010 ጎርፍ ፓርላማዋ ድረስ ከገባባት በኋላ ነው ረግረጎቿን አጥብቃ የያዘችው፣ በ2018 ከመጀመሪያዎቹ 18 የራምሳር የረግረግ ከተሞች አንዷ ሆነች።

እዚህ ላይ ለራሳችን ወገንም አንድ ነገር ልበል፣ ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ መልስ ባጣንበት። መልሶ ማቋቋም ስንል ችግኝ ይዘን ረግረግ ውስጥ የምንገባ ሰዎች አለን። ረግረግ ዛፍ አይፈልግም፤ ውሃ ነው የሚፈልገው። ባሕር ዛፍማ ረግረግ ለማድረቅ ሆን ተብሎ የተተከለበት ታሪክ አለው። መጀመሪያ ውሃውን ያፈሰሰውን ቦይ መድፈን፣ የተደፋውን አፈር ማንሳት፣ ቆሻሻ የሚለቀውን ቱቦ መቁረጥ ነው። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ፊላውና ሸንበቆው ራሱ ይመጣል፣ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የቆየ ዘር ስላለ። በድንጋይ የታጠረ፣ ፏፏቴ የተገጠመለት፣ ማታ መብራት የሚበራበት ኩሬ ደግሞ ለፎቶ ያምራል እንጂ ረግረግ አይደለም። የሶሉ ቾንግዬቾን ወንዝ በ2005 ሲከፈት ዓለም አጨበጨበ፣ ከላዩ የነበረው የመኪና ድልድይ መፍረሱም ትልቅ ድፍረት ነው፣ ግን የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው በፓምፕ የሚመጣ ነው። ይሄን እንደ ተፈጥሮ ማገገም ካቀረብን ጸሐፊው "ውድ ጌጥ" ሲሉን መልስ የለንም።

እውነትም ማገገም ውድ ነው። ቲጁካም ጊዜ ፈጅቷል፣ ቴሽኮኮም ወደ ጥንቱ ሐይቅ አይመለስም። ይሄ ግን ያለውን ላለመድፈን ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመድፈን እንዴት ምክንያት እንደሚሆን አልገባኝም።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። እንግዲያው ሦስት ነገር ይዘው ይምጡ። ሊደፈን የታሰበው ቦታ በክረምት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል? ያ ውሃ ከተደፈነ በኋላ በየትኛው ሰፈር በኩል ያልፋል? ለዚያ ሰፈርስ ከመሬቱ ሽያጭ ላይ ስንት ተመድቦለታል? መልሱን ካመጡ እኔም ቁጭ ብዬ አነባለሁ።